ሲዲው ስም የለውም፦ የቲላዋ፣ የመንዙማና የዘፈን ስም ኮምፒውተር ላይ ከየት ይመጣል?



በድሬ ብዙ ቤቶች ከቁም ሣጥን በላይ የተቀመጠ አንድ የካርቶን ሣጥን አይጠፋም። በውስጡ የጁዝእ ዐምመ ቲላዋ፣ የመንዙማ ሲዲ፣ የሠርግ ነሺዳ፣ ከስር ደግሞ የዓሊ ቢራ ዘፈኖች ይገኛሉ። ሽፋናቸው ጠፍቷል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸውም ቀለሙ ለቋል። ልጆች ዲስኩ ሳይጫር ብለው ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡት ከሦስት ነገሮች አንዱ ያጋጥማቸዋል። ወይ ስሙ ሁሉ ተሟልቶ ይመጣል፤ ወይ «ትራክ 01፣ ትራክ 02» የሚል ብቻ ይወጣል፤ ወይም ደግሞ ሱረቱ አን-ነበእ እየተቀራ ስክሪኑ ላይ የአንድ የማይታወቅ የፈረንጅ ባንድ ስም ይታያል። የሦስቱም ምክንያት አንድ ነው። ስሙ ሲዲው ውስጥ የለም።

ፊሊፕስና ሶኒ ያዘጋጁት ኦዲዮ ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ስም የሚጻፍበት ቦታ አልተተወለትም ነበር። ከዲስኩ መሐል አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ክፍል የያዘው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ስንት ትራክ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ትራክ በስንተኛው ደቂቃ፣ ሰከንድና የሰከንድ 75ኛ ክፍልፋይ ላይ እንደሚጀምር፣ ዲስኩ የት ላይ እንደሚያልቅ። የገጽ ቁጥር ተጽፎበት የሱራ ስም ያልተጻፈበት የሙስሐፍ ማውጫ ማለት ነው። በ1996 ሲዲ-ቴክስት የሚባል ስም የመጻፊያ ተጨማሪ መላ መጥቶ ነበር፤ ግን የተጠቀሙበት አሳታሚዎች ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ስሙን ከየት ያውቃል? ከሰንጠረዡ ቁጥር ሠርቶ፣ ያንን ቁጥር በኢንተርኔት ወደ አንድ የመረጃ ቋት ልኮ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የጀመሩት ቲ ካን እና ስቲቭ ሸርፍ የሚባሉ ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ናቸው። በ1993 ገደማ ሲዲዲቢ የተሰኘውን ቋት ሲያቋቁሙ መረጃውን የሚያስገባ ደሞዝተኛ አልነበራቸውም። አንድ ሰው አዲስ ዲስክ ሲያስገባ ስሙ ካልተገኘ ሽፋኑን እያየ ራሱ ይጽፋል፤ ከእሱ በኋላ ያንኑ ዲስክ ያስገባ ሁሉ የተጻፈውን ያገኛል። ከነስህተቱ ማለታችን ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ዛሬም የሚያወዛግብ ነው። ሲዲዲቢ የንግድ ድርጅት ሆነ፤ በ2000 ስሙን ግሬስኖት አለ፤ ፈቃድ ላልወሰዱ ፕሮግራሞችም በሩን ዘጋ። አይቲዩንስ የሚጠቀመው ይህን ድርጅት ነው። በነጻ የጻፉት ሰዎች «የእኛን ልፋት መልሳችሁ ትሸጡልናላችሁ ወይ?» ማለታቸው የሚያስገርም አይደለም። በምላሹ ፍሪዲቢ የሚባል ነጻ ቋት ተከፈተ፤ እርሱ በ2020 ሲዘጋ ቅጂው ግኑዲቢ በሚባል ስም ቀጠለ። ሙዚክብሬይንዝ የተሰኘው ሌላው ቋት ደግሞ በትርፍ-አልባ ድርጅት ይተዳደራል፤ ዋናው መረጃውም ማንም በነጻ የሚወስደው ነው። በእኛ እምነት ነገሩን ከአደራ ጋር የሚያስኬደው ይህ የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ ባንዱ ስም እንመለስ። የሲዲዲቢና የፍሪዲቢ መለያ ቁጥር ስምንት ቁምፊ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከትራኮቹ መነሻ ሰዓት የሚወጣ ድምር፣ የመካከለኞቹ አራቱ የዲስኩ ርዝመት በሰከንድ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የትራኮቹ ብዛት ናቸው። ድምጹን ማንም አያዳምጥም። ስለዚህ ዐሥር መንዙማ የያዘ ዲስክና ዐሥር ዘፈን የያዘ ዲስክ ርዝመታቸው በሰከንድ እኩል ሆኖ ድምሩም ከገጠመ፣ ቋቱ አንዱን በሌላው ስም ይጠራዋል። ሙዚክብሬይንዝ 28 ቁምፊ ያለው ጠንከር ያለ መለያ ስለሚጠቀም እንዲህ ያለ መምታታት እዚያ እጅግ ብርቅ ነው።

ሱቅ ወይም ቤት ውስጥ የተቃጠለ ዲስክ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። የማቃጠያ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ በትራኮች መሐል ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይጨምራሉ። በዚህ ምክንያት መነሻዎቹ ሁሉ ይገፋሉ፤ መለያውም ይቀየራል። ዋናው ዲስክ ቋቱ ውስጥ ቢኖር እንኳ ቅጂው «አላውቀውም» ይባላል። ከታይዋን ገበያም ሆነ ከመገላ የተገዛ ቅጂ ስም ሳይዝ ቢመጣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ከድሬ ልጆች ስሙ በነዚህ ቋቶች ውስጥ በደንብ የሚገኘው ዓሊ ቢራ ነው። (የሙዚቃን ሑክም እዚህ አናነሳም፤ ጉዳያችን የመዝገብ ነው።) ገንደቆሬ ተወልዶ ያደገው ይህ ሰው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ ድሬዳዋ ተቀብሯል። ከድሮ ሥራዎቹ የተመረጡት በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ ተከታታይ 28ኛ ቁጥር ሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። በፋብሪካ ታትሞ በዓለም ዙሪያ የተሸጠ ዲስክ በመሆኑ፣ የሆነ አገር ያለ ሰው አስገብቶት ስሙን ጽፎለታል። ችግሩ የመጣው በአጻጻፍ ነው። በላቲን ፊደል «ቢራ» በአንድ «ር»ም፣ በሁለት «ር»ም፣ በቁቤ መጨረሻው ላይ «አ» ተደግሞም ይጻፋል። የመዝገብ ስሙ ደግሞ ዓሊ ሙሐመድ ሙሳ ነው፤ «ቢራ» በልጅነቱ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን የወጣ ቅጽል ነው። ኮምፒውተር እነዚህን እንደ ሦስትና አራት ሰዎች ይቆጥራቸዋል። ሙዚክብሬይንዝ ለዚህ ሲባል ለአንድ ሰው አንድ መዝገብ ከፍቶ ሌሎቹን አጻጻፎች «ተለዋጭ ስም» ብሎ ከሥሩ ያስቀምጣል።

በቃሪኦችም ላይ ያው ነው። ሚሻሪ አል-ዐፋሲ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ተጽፎ እንዳያችሁት ራሳችሁ ታውቃላችሁ። የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎችም ስልክ ላይ «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ»፣ «አወል»፣ «አወወል» እየተባሉ ተበታትነው ይገኛሉ።

መንዙማ ላይ ከዚህ የባሰው መሳሳት የጻፈውንና ያዜመውን መቀላቀል ነው። ብዙዎቹ የወሎ መንዙማዎች ከሙነሺዱ ብዙ ቀድመው በኖሩ መሻይኾች የተደረሱ ናቸው። በፋይሉ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው የሚሞላው «አርቲስት» የሚለውን አንድ ሳጥን ብቻ ስለሆነ የደራሲው ስም ይጠፋል። «ኮምፖዘር» የሚባል ሌላ ሳጥን አለ፤ የደራሲው ቦታ እርሱ ነው። ኢስናድ ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከማን እንደተሰማና ማን እንዳለው ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

የኤምፒ3 ዲስክ ሁኔታው የተለየ ነው። ሙሉ ቁርኣን በአንድ ዲስክ ስታገኙ ያ ኦዲዮ ሲዲ አይደለም፤ ኦዲዮ ሲዲ ከ80 ደቂቃ ገደማና ከ99 ትራክ አያልፍም፣ ሱራዎቹ ደግሞ 114 ናቸው። በኤምፒ3 ዲስክ ስሙ በየፋይሉ ውስጥ አይዲ3 በሚባል ትንሽ መለያ ተጽፎ ይመጣል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ስለዚህ የምታዩት ስም የቀዳው ሰው የጻፈው ነው። የቃሪኡ ስም ሊሆን በሚገባው ቦታ የአንድ ሱቅ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው አይዲ3 ለርዕስ የሰጠው ቦታ 30 ባይት ነበር። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ዐሥር ሆሄ ብቻ ይይዝ ነበር ማለት ነው፤ ጭራሽ ለላቲን ፊደል ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በተግባር የሚታየው የጥያቄ ምልክት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ስም ዛሬ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይታያል። የዓይነት ዝርዝሩም ይገርማል። መጀመሪያ ከነበሩት 80 ዓይነቶች ውስጥ ጎስፔልም ክርስቲያን ራፕም ነበሩበት፤ ቲላዋ፣ ነሺዳ ወይም መንዙማ የሚል ግን አንድም አልነበረም። ፍሪዲቢም ዐሥራ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው የኛ ዲስኮች «ፎክ» ወይም «ልዩ ልዩ» ውስጥ መግባታቸው ግድ ነበር። በአዲሱ አይዲ3 በአማርኛ የፈለጋችሁትን ዓይነት መጻፍ ትችላላችሁ።

ሣጥኑን ለማውረድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር እንበል። የመኪናና የባጃጅ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፊደላችንን ስለማያነቡ፣ የፋይሉን ስም በላቲን፣ በውስጡ ያለውን መለያ በአማርኛ ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል። ሱራዎችን ከ001 እስከ 114 በሦስት አኃዝ ቁጠሩ፤ አለበለዚያ በአንዳንድ ማጫወቻዎች 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ሽፋን ካለ በስልክ ፎቶ አንሡና ከፋይሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ሽፋን ከሌለ በድምጹ የሙነሺዱን ማንነት የሚለዩ አባቶችን አስቀምጦ ማስደመጥ ነው። ካልታወቀ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ፤ በግምት የተጻፈ ስም አንዴ ከተሰራጨ የሚመልሰው የለም።

የካሴት ቅጂ ሰንጠረዥ ስለሌለው መለያ ቁጥር አይወጣለትም። አኩስቲድ የሚባል፣ ድምጹን ራሱ እንደ አሻራ የሚለይ ነጻ አገልግሎት አለ፤ ግን ቀድሞ ያልተመዘገበ ድምጽ አይለይም፤ ቴፑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ከዞረም ይስታል።

በፋብሪካ የታተመ መንዙማ ወይም ነሺዳ በእጁ ያለ ሰው ግን ሙዚክብሬይንዝ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ስሙን ሊያስገባ ይችላል። ፒካርድ የሚባለው የቋቱ ነጻ ፕሮግራም ሰንጠረዡን አንብቦ መለያውን ከዚያ ስም ጋር ያያይዛል። ለዚህ ዲስኩ ራሱ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሲዲ ማንበቢያ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ማንበቢያውን ትተውታል።