የፊደል ጨዋታ በሀርጌሳና በእኛ ዘንድ

ኮድቡር ከሀርጌሳ ከተማ ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚያም ሆነ በሌላው የሱማሌ ምድር ግጥም የሚገጥም ሰው አስቀድሞ በራሱ ላይ አንድ ግዴታ ይጥላል፤ ይኸውም አንድ ፊደል መርጦ ግጥሙ እስኪፈጸም ድረስ ያንኑ ፊደል አለመልቀቅ ነው። ስንኙ መቶ ቢሆን በመቶውም ውስጥ ቢያንስ አንድ ዋና ቃል በተመረጠው ድምፅ መጀመር አለበት። አናባቢዎች ግን ሁሉም እንደ አንድ ፊደል ይቈጠራሉ። እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን፥ እነርሱ በቃሉ መጀመሪያ ይመቱታል ማለት ይቻላል። የሕጉ ስም ሐረፍ ራዕ ነው፤ ሐረፍ ፊደል፥ ራዕ ደግሞ ተከተል ማለት ነው።

ለመምህር አስደናቂው ነገር፥ ሕጉ ሲሠራበት የኖረው ቋንቋው መንግሥታዊ ጽሕፈት ሳይኖረው መሆኑ ነው። የላቲን ፊደል ለሱማሌኛ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1974ም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ተማሪዎችና መምህራን አርብቶ አደሩን ማንበብ ሊያስተምሩ ወደ ገጠር ወጡ። በዓይኑ ፊደል አይቶ የማያውቀው እረኛ ግን የአንድ ቃል መነሻ ድምፅ ከሌላው ሲለይ በጆሮው ያውቅ ነበር።

ለዚህ ነገር ስሙ ሊነሣ የሚገባው መምህር አለ። መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፥ በቅጽል ስሙ ጋሪዬ፥ የሀርጌሳ ተወላጅ ነው። የተማረው ሥነ ሕይወት ነበር፤ ዳሩ ግን የሱማሌን ግጥም ምጣኔ ሕግ በጽሑፍ ተንትኖ በጋዜጣ ያወጣው እርሱ ነው፤ ዘመኑም 1976 ነበር። በዚያው ዐሥር ዓመት ማብቂያ ላይ በዴል፥ ማለትም በ«ደ» ድምፅ፥ የጎሳ ልዩነትን የሚነቅፍ ግጥም ገጠመ። ሌሎች ገጣሚዎች በዚያው ፊደል እየመለሱ ገቡበት፤ ዴልሌይ የተባለው የግጥም ሰንሰለት በዚህ ተፈጠረ። ከሃምሳ የሚበልጡ ገጣሚዎች እንደ ተሳተፉበት ይነገራል። የተስፋፋውም በካሴት ክር እየተቀዳ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ፊደሉ እዚህ ላይ ዘበኛ ሆኗል፤ ዋናውን ቃል በሌላ ቃል የለወጠ ሰው «ደ»ን ካጐደለ ስንኙ ራሱ ያጋልጠዋልና።

ማጋለጥ ካልን ዘንድ የእኛ አቡጊዳ የተሠራው ለዚሁ ነው። የቄስ ተማሪ ሀሁን በዜማ ካጠና በኋላ አንብቦ ይሁን አዚሞ አይታወቅም። ስለዚህ የፊደሉ ተራና የድምፁ ተራ አብረው ይለዋወጡበታል፤ አ በግዕዝ፥ ቡ በካዕብ፥ ጊ በሣልስ፥ ዳ በራብዕ፥ ሄ በኃምስ፥ ው በሳድስ፥ ዞ በሳብዕ። ቀጥሎ በጉዲሃ ይላል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ በዚህ ጊዜ ይቆማል። የስንቱ ሕፃን ዕንባ የፈሰሰበት ይህ ስም፥ ፒተር ዳንኤልስ የሚባሉት የጽሕፈት ሊቅ በ1990 ስለ ተጠቀሙበት፥ ዛሬ ከእኛ ጋር የሕንድንም ፊደላት መጠሪያ ሆኖ በዓለም ይነገራል።

ልጆች ራሳቸው የፈጠሩት ሌላ ጨዋታ አለ፤ የወፍ ቋንቋ ይሉታል። ከያንዳንዱ ፊደል በኋላ «ዘ»ን ያስገባሉ፤ ሰላም የሚለው ሰዘላዛምዝ ይሆናል። ልብ ብሎ ለሚሰማው፥ «ዘ» የምትከተለው የፊደሉን ድምፅ ነው፤ ከግዕዙ ሰ በኋላ ዘ፥ ከራብዑ ላ በኋላ ዛ፥ ከሳድሱ ም በኋላ ዝ ትላለች። ይህን በፍጥነት የሚናገር ልጅ ሰባቱን ድምፆች መለየት ችሏል።

እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከመዛወሬ በፊት በአንደኛ ደረጃ ሳስተምር፥ በወፍ ቋንቋ ሲንሾካሾኩ የያዝኋቸውን ሁለት ልጆች ከክፍል አስወጥቼአለሁ። ከሁለቱ አንደኛው፥ በገበታው ላይ በጠቈምሁት ቍጥር ካዕብን ከሣልስ ስለሚያቀላቅል፥ «ፊደል አልለየም» ብዬ በመዝገቤ የጻፍሁበት ልጅ ነበር። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ከውጭ ሲያወራ ሰማሁት፤ አንዲት «ዘ» እንኳ አልሳተም።