ሴት በቴአትራችን መድረክ፤ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ታሪክ



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ከዶርዜ መንደር ሲደርስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው ከቀርከሃ ተሠርቶ እንደ ዝሆን ራስ ሽቅብ የቆመው ረጅሙ ቤት ነው። ጆሮውን የሚስበው ደግሞ የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ ነው። በዚያ አገር በቈየው ልማድ ጥጡን ባዝታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴቲቱ ስትሆን፣ ድሩን ዘርግቶ ማጉን የሚወረውረው ወንዱ ነው። ፈታይዋ ብትቀር ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሸማኔው ቢቀር ፈትሉ ልብስ አይሆንም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሽመና ሳይሆን ስለ ቴአትርና በመድረክ ላይ ስለ ቆመች አንዲት ሴት ነው። ነገር ግን የሸማኔው ታሪክና የተዋናይዋ ታሪክ በአንድ ነገር ይገናኛሉና መጀመሪያውን ከዶርዜ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም።

የዶርዜ ሸማኔዎች ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። የሠሩትን ሸማ መኳንንቱም ወይዛዝርቱም በየበዓሉ ለበሱት። በቀሚሱ ጠርዝ የሚጣለውን ኅብረ ቀለምም ሕዝቡ «ጥበብ» ብሎ ጠራው። ይሁን እንጂ ጥበቡን በደስታ የለበሰው ሰው ጠቢቡን በሥራው ሲሰድበው ይሰማ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ነገሩ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል፤ በራሱ በጋሞ ደጋ ሽመና የተከበረ ሥራ ሆኖ ሳለ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ተለይተው ይናቁ ነበር። እንግዲህ የእጅን ሥራ ወድዶ የሠራውን እጅ መናቅ በብዙ የአገራችን ክፍል የኖረ ጠባይ ነው።

ከዚህ ንቀት ድርሻቸውን ከተቀበሉት አንዱ አዝማሪ ነው። ሰርግ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ ጀግና ያለ እርሱ አይወደስም። ነገር ግን በብዙ ቤት ልጅ ሲቈጣ «አዝማሪ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። የአዝማሪን ኃይል ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ዐውቆታል ማለት ይቻላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አገር ለአገር እየዞሩ የሚናገሩና የሚዘፍኑ ሰዎች ይገኙባቸዋልና። የሕዝብን ልብ የሚያነሣሣ ቃል ከጥይት እንደማያንስ ወራሪው ተረድቶ ነበር።

ዘመናዊ ቴአትር ወደ አገራችን የገባው በዚህ ባህል ውስጥ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን በአዲስ አበባ አሳዩ። በአውሬዎች ስም የአስተዳደርን ጉድለት የሚነቅፍ ስለ ነበረ መኳንንቱን አስቈጣ፤ ቴአትርም ለጊዜው ተከለከለ። ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዮፍታሔ ንጉሤንና መላኩ በጎሰውን የመሳሰሉ ደራስያን በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ተውኔት ማሳየት ጀመሩ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ጦሩን በድንበር በሚያከማችበት ጊዜ ደግሞ በመኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሕዝቡን በንግግር፣ በመዝሙርና በጨዋታ ለአገሩ ነጻነት ማነሣሣት ዓላማው ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በመድረክ ላይ አንድ ጉድለት ይታይ ነበር። ተውኔቱ ውስጥ ንግሥት አለች፣ እናት አለች፣ ሙሽራ አለች፤ በመድረክ ላይ ግን ሴት የለችም። ፊቱ ለስለስ ያለ፣ ድምፁ ቀጠን ያለ ወጣት ወንድ ተፈልጎ ቀሚስ ይለብሳል፣ ሻሽ ያስራል፣ የእናቲቱን ልቅሶና የሙሽራዪቱን ዓይን አፋርነት ያሳያል። ብዙዎች ልጆች «አባባ» እያሉ ያደጉላቸው ተስፋዬ ሳህሉ ሳይቀሩ በወጣትነታቸው የሴት ክፍል ይዘው ተጫውተዋል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ያደንቃል፤ ነገር ግን ያየው ወንድ ስለ ሴት ያለውን ሐሳብ እንጂ ሴቲቱን ራሷን አልነበረም። ዶርዜ ፈታይዋን አስቀርቶ ሸማ ልሥራ ቢል የሚደርስበት ነገር በቴአትራችን ላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስላችሁ። ፊልሟ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ለብዙ ዓመታት የተወደደላት ሕንድም በዚሁ መንገድ አልፋለች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1913 ዳዳሳሂብ ፋልኬ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» የተባለውን ረጅም ፊልም ባዘጋጀ ጊዜ ለንግሥቲቱ ክፍል ሴት ቢፈልግ አጣ። በመጨረሻ ሳሉንኬ የተባለ የምግብ ቤት ሠራተኛ ወንድ የንግሥቲቱን ልብስ ለብሶ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ዱርጋባይ ካማት የተባለች ሴት ከልጇ ከካምላባይ ጋር በፋልኬ ሁለተኛ ፊልም ላይ ታየችና ያ አጥር ተጣሰ።

ከእነርሱ በኋላ የመጣችው ዴቪካ ራኒ ከ1908 እስከ 1994 የኖረች ስትሆን፣ በለንደን ተምራ በ1934 ከባሏ ከሂማንሱ ራይ ጋር «ቦምቤይ ቶኪስ» የተባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመች። በ1936 «አቹት ካንያ» በተባለው ፊልም ላይ ከተናቀ ወገን የተወለደችን ልጃገረድ ሆና ተጫወተች። ባሏ በ1940 ሲሞት ኩባንያውን በራሷ መራች። የሕንድ መንግሥት ለፊልም ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን የዳዳሳሂብ ፋልኬ ሽልማት በ1969 ሲመሠርት የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እርሷ ሆነች። ይሁን እንጂ ዴቪካ ራኒ የታላቅ ሐኪም ልጅ ነበረች፤ ትውልዷና ትምህርቷ ከሰው አፍ እንደ ጋሻ ከልለዋታል። ያለዚህ ጋሻ የወጣች ሴት ዕጣዋ ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሚሰጠን የአገራችን ታሪክ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። የሀገር ፍቅር ማኅበር ከተቋቋመበት ዘመን ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው በሞት ተነጥቀው በሌላ ሰው እጅ አደጉ። ከጠላት መባረር በኋላ በሚያድገው ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላት ልጃገረድ የነበራት መንገድ ጠባብ ነበር፤ ወይ ቶሎ ማግባት፣ ወይ በሰው ቤት ማገልገል፣ ወይም ሰው በክፉ የሚያነሣውን ኑሮ መያዝ። ወይዘሮ አስናቀች ግን ሌላ ነገር ያዙ፤ ይኸውም ክራር ነው።

ክራርና በገና የአንድ ወገን መሣሪያዎች ቢሆኑም ክብራቸው አንድ አይደለም። በገና በ10 አውታሮቹ ለጸሎትና ለምስጋና ስለሚደረደር የዳዊት መሣሪያ ተብሎ በቤተ ክህነትም በመኳንንትም ዘንድ ይከበራል። 5 ወይም 6 አውታር ያለው ክራር ግን የፍቅርና የጨዋታ መሣሪያ በመሆኑ ጨዋ ሰው የማይዘው ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይልቁንም በሴት እጅ ሲገባ ሐሜቱ ይበረታ ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ይህን እያወቁ ክራሩን በራሳቸው ጥረት ተማሩት፤ ትዝታውንም ባቲውንም ተጫወቱበት።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል ውስጥ ገብተው በመድረክ ላይ ወጡ። በሀገር ፍቅር ቴአትር በኩል ወይዘሮ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን መካከል ስማቸው እንደሚነሣ ሁሉ፣ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ይህን በር የከፈቱት ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። ይህ ርምጃ ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን አንዲት ሴት በብዙ ሕዝብ ፊት ቆማ ባሏ ያልሆነውን ሰው «ውዴ» ማለቷ፣ ማልቀሷና መዝፈኗ ጨዋነቷን ያሳጣት ነበር። ተውኔቱ ካለቀ በኋላ ወንዱ ተዋናይ ቀሚሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሴቲቱ ግን በመድረክ ላይ የያዘችው ክፍል እስከ ሰፈሯ ድረስ ይከተላታል። በተውኔቱ ውስጥ ከዳተኛ ሚስት ሆና ከተጫወተች በገበያም ከዳተኛ ትባላለች። እንግዲህ ወንዱ ለተውኔቱ የሚከፍለው ድካሙን ሲሆን እርሷ የምትከፍለው ስሟን ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተሻሽሎና ተፈጽሞ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ተዋንያን ወደዚህ ቤት ተዛወሩ፤ ወይዘሮ አስናቀችም አብረው ገቡ። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በዚህ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በተዋናይነት፣ በዘፋኝነትና በተወዛዋዥነት ሠርተዋል። ንጉሥ ሲወርድ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ የቤቱ ስም ሲቀየር አይተዋል። ሕዝቡም «አስኒ» እያለ በፍቅር ጠራቸው። በቅኔ ለበስ ግጥማቸው ፍቅርን ሲያወድሱና ከዳተኛን ሲሸነቍጡ፣ ሰሚው ነገሩ የሚነካው ለማን እንደ ሆነ እያሰበ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ አድማጮች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ፊልም ዘግይቶ ተወለደ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ረጅም የአማርኛ ፊልም የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ሕንድ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልም ከሠራች ከ50 ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ሙያቸውን ያሳዩት በመድረክ ላይ ብቻ ነበር። መድረክ ደግሞ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ የሚያስቀረው ነገር ጥቂት ነው። ዴቪካ ራኒ በ1936 የተጫወተችበትን ፊልም የዛሬ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ወይዘሮ አስናቀች በወጣትነታቸው በመድረክ ላይ እንዴት እንደ ተራመዱ፣ እንዴት እንዳለቀሱ፣ ሕዝቡን በምን ዝም እንዳሰኙ ግን ባዩት ሰዎች ትዝታ ውስጥ እንጂ በሌላ ቦታ አይገኝም፤ ትዝታውም ከባለቤቶቹ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የተረፈልን ድምፃቸው ነው። በሸክላና በካሴት የተቀረጹት ዘፈኖቻቸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 16ኛ ክፍል ሆነው በውጭ አገር ታተሙና፣ አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ሁሉ የክራራቸውን ድምፅ ሰማ። ስለ ሕይወታቸውም ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅታለች፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሲደርስ ግን እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ወይዘሮ አስናቀች ያረፉት በአዲሱ ዓመት መባቻ ላይ፣ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ቴአትር በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ሴት ልጅ ተዋናይ ልሁን ስትል አባቷ ስለ ደመወዟ ይጠይቃት ይሆናል እንጂ የቤተሰቡ ስም ጠፋ ብሎ የሚያለቅሰው ጥቂት ነው። ሴት ደራስያንና ሴት አዘጋጆችም ተነሥተዋል። ይህ ሁሉ በዐዋጅ የመጣ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ስድብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። የጠፋውን ያህል የጠፋው የተናቀውን ሥራ ይዘው፣ ንቀቱን ታግሠው፣ ሥራውን እስኪከበር ድረስ በሠሩ ሰዎች ምክንያት ነው። የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን አልጣለም፤ ወይዘሮ አስናቀችም ክራራቸውን አላስቀመጡም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የሰማችሁ ሁሉ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ከቀደሙት የመድረክ ሰዎች መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ፤ ቀደምት ጨዋታቸውን ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም በየቤታችሁ ይገኛሉ። እርሳቸው ሳሉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። የማን ጨዋታ እንደ ነበር፣ ምን ለብሰው እንደ ወጡ፣ ሕዝቡ ምን እንዳለ መዝግቡ። ሸማ ሲያረጅ ጥበቡ ተፈትቶ በአዲስ ቀሚስ ላይ ይጣላል፤ የአርቲስቶቻችንም ሙያ ወደ ልጆቻችን የሚሻገረው እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያነሣው እጅ ሲያገኝ ብቻ ነው።