«ሶል» ስለ ተባለው ዓሣና ስለ ስሙ አመጣጥ

በአውሮፓ ገበታ ላይ እጅግ ከሚከበሩት ዓሣዎች አንዱ «ሶል» የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ስሙ የመጣው «ሶሌያ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ነጠላ ጫማ ማለት ነው፤ የእኛ ጫማ ሰፊዎች «ሶል» የሚሉትም ከዚያው ግንድ የወጣ ነው። ለስሙ ጥንታዊነት ሮማዊውን የተውኔት ደራሲ ፕላውቱስን ምስክር እንጠራለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው «ካሲና» በተባለው ተውኔት፣ ሽማግሌው ጌታ ለድግስ ከሚገዙት ዓሣዎች መካከል ሶሌያን ሲጠራ፣ ተደብቆ የሚሰማው ባሪያ ቃሉን ወደ ጫማ አዙሮ ይቀልድበታል። ተመልካቹ ሁለቱንም ትርጓሜ ባያውቅ ኖሮ ቀልዱ ባላሳቀ ነበር።

ሌሎች ግን በዓሣው ያዩት ምላስን ነው። ግሪኮች የበሬ ምላስ፣ ጀርመኖችም የባሕር ምላስ ብለውታል። ዐረቦች ደግሞ «ሰመክ ሙሳ»፣ ይኸውም የሙሴ ዓሣ ይሉታል፤ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል ዓሣውም አብሮ ተከፍሎ አንድ ጎኑ ነጭና ዓይን የለሽ ሆነ ይባላል። ምልከታው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አንቀበለውም። ዓሣው ሲፈለፈል በሁለቱም ጎን ዓይን አለው፤ ሲያድግ የግራው ዓይን ወደ ቀኝ ይዞርና በግራ ጎኑ ተኝቶ ይኖራል።

«የዶቨር ሶል» የተባለውም ከዶቨር ወደብ ወደ ለንደን ገበያ ይላክ ስለ ነበር እንጂ፣ ዓሣውስ ከኖርዌይ እስከ ሴኔጋል ይገኛል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በዚሁ ስም የሚሸጠው ግን ጭራሹን ከሌላ ቤተ ሰብ የሆነ ዓሣ ነው።