ሌዘር ስካነር ከመስኮትና ከጣሪያ ውጭ እንዴት ይዘረጋል?

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ከዐለት የተፈለፈሉት እነዚህ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት በስንጥቅና በዝናብ ውሃ ይጎዳሉ። ስንጥቁ መስፋቱን በእርግጠኝነት ለማወቅ ደግሞ ቀድሞ የተወሰደ ትክክለኛ ልኬት ያስፈልጋል። በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር የተመሠረተው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል።

መሣሪያው የሌዘር ጨረር ወደ ግድግዳው ይልካል። ብዙዎቹ ስካነሮች ጨረሩ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ለክተው ርቀቱን ያሰላሉ። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት በርቀቱ ላይ የ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። በዚህ መንገድ የሚሰበሰቡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች የሕንፃውን ቅርጽ ይሠራሉ።

ይሁንና ስካነር የሚለካው የሚያየውን ብቻ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ፣ የመስኮት ደፍ የላይኛው ገጽና የጣሪያ ክፈፍ ጀርባ ይሰወሩበታል። ቤተ ጊዮርጊስ ከመሬት ወለል ወደ ታች ስለተፈለፈለ፣ ጣሪያው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይታያል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ግድግዳ ግን ከታች ሆኖ ማየት አዳጋች ነው፤ ጨረሩ በጣም አግድም ስለሚያርፍ ልኬቱ ይዛነፋል።

መፍትሔው መሣሪያውን በጠንካራ ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ከመስኮት ወይም ከጣሪያ ጠርዝ ውጭ መዘርጋት ነው። አንዳንድ ስካነሮች ተገልብጠው ተንጠልጥለውም ይሠራሉ። ሚዛኑ ቀላል ስሌት ነው፦ ከደፉ 2 ሜትር ወጥቶ የተንጠለጠለ የ5 ኪሎ ግራም መሣሪያ፣ በውስጥ በኩል 1 ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ይጠይቃል። የዘንጉ ክብደትና ነፋሱ ሲታከሉ ከዚያ እጅግ የበለጠ ማስቀመጥ የግድ ነው። ማገጃ ገመዱም ከዘንጉ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከሕንፃው ጋር፣ ከተለየ ቦታ ይታሰራል። በቅርስ ላይ ግን ዐለቱን መብሳትም ሆነ መቦርቦር አይገባም፤ ማሰሪያው ለስላሳ መከታ ተደርጎለት ያርፋል።

ዘንግ በነፋስ ቢወዛወዝ ነጥቦቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ነፋስ በሚረግብበት ሰዓት መሥራት፣ አጭር ዘንግ መምረጥና አንዱን ቅኝት ከሌላው ጋር የሚያገናኙ ምልክቶችን በሁለቱም በኩል መተው ያስፈልጋል።

የዚህ ሥራ ዋጋ በፓሪስ ታይቷል። የኪነ ሕንፃ ታሪክ ምሁሩ አንድሩ ታሎን ኖትር ዳምን በሌዘር ከቃኘው ከዓመታት በኋላ፣ በ2019 ሕንፃው በእሳት ተጎዳ፤ ልኬቱም ለመልሶ ግንባታው እጅግ ጠቃሚ መረጃ ሆነ። ስካነር ስንጥቅ አይጠግንም፤ ጠጋኙ ግን የቀድሞውን ቅርጽ የሚያስታውሰው በእርሱ ነው።