አምስት መቶ ብር፦ የጀማሪ ምሩቅ ደመወዝ

በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ በቁራሽ የኖረ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም የሚጠብቀው ክብርና ወንበር እንጂ ወርኃዊ ደመወዝ አልነበረም። ዲግሪንና ደመወዝን ያቆራኘው ዘመናዊው ትምህርት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም.፣ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የምሩቁም የወላጆቹም ተስፋ በብር ይለካ ጀመር።

በደርግ ዘመን በመንግሥት ተመድቦ ሥራ የጀመረ ባለዲግሪ 500 ብር ይከፈለው ነበር። ለገጠር ወላጅ ይህ የታናናሾች ደብተርና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። አንድ ዶላር በ2.07 ብር ሲመነዘር ገንዘቡ 241 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ምንዛሪው 5 ብር በሆነ ጊዜ ግን ያው 500 ብር 100 ዶላር ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ጀማሪው «ስንት ይከፈለኛል?» ከማለቱ ጋር «ምን ይገዛልኛል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።