መስታወት አልባ ሙቀት ሰብሳቢ

በእንግሊዝኛ «አንግሌዝድ ሶላር ኮሌክተር» የሚባለውን የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ እዚህ «መስታወት አልባ ሙቀት ሰብሳቢ» ብለነዋል። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ፣ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን የተያያዙበት ጥቁር የፕላስቲክ ወይም የጎማ ምንጣፍ ነው።

የሻወር ውሃ የሚያሞቀው የተለመደው ሶላር መስታወት አለው። እስራኤል የኖረ ሰው «ዱድ ሼሜሽ» ብሎ የሚያውቀው ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980 በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች እንዲገጠም የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ውሃው 60 ዲግሪ ያህል መድረስ ስላለበት፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በመስታወት ይታፈናል። መዋኛ ገንዳ ግን 28 ዲግሪ ይበቃዋል። ሰብሳቢው ሙቀት የሚያባክነው ከአካባቢው አየር በሞቀው ልክ ስለሆነ፣ በሞቃት ቀን 28 ዲግሪ ያለው ውሃ ብዙም የሚያጣው የለም። መስታወቱ እንዲያውም ከብርሃኑ የተወሰነውን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ዋጋም ይጨምራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የገንዳው ፓምፕ ውሃውን በማጣሪያው ካሳለፈ በኋላ ወደ ጣሪያ ይገፋዋል፤ ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሞቆ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጣሪያው ከገንዳው ውሃ ሲቀዘቅዝ መቆጣጠሪያው ቫልቩን ይዘጋዋል። በበጋ ገንዳው ከልክ በላይ በሚሞቅባት አሪዞና ደግሞ ነገሩን ይገለብጡታል፤ ውሃውን ሌሊት ጣሪያ ላይ እያዞሩ ያቀዘቅዙበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመመለሻውን ቱቦ ነክቶ ለብ ብቻ ማለቱን ሲያይ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ውሃው በአንድ ዙር የሚሞቀው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ቱቦው የሚያቃጥል ከሆነ ውሃው በዝግታ እየሄደ፣ ሰብሳቢው ሙቀቱን ለአየር እየሰጠ ነው ማለት ነው። የሚፈለገው ብዙ ለብ ያለ ውሃ እንጂ ጥቂት ፍል ውሃ አይደለም። ለዚህም ስፋት ያስፈልጋል፤ በተለምዶ ከገንዳው የላይኛ ገጽ ከግማሽ እስከ እኩል የሚደርስ።

ስሌቱን እንየው። 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48,000 ሊትር ይይዛል። ይህን ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 56 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ከላዩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን ደግሞ ከ1 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል! ትነት የገንዳ ዋነኛ ሙቀት ሌባ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው መጀመሪያ የገንዳ መሸፈኛ ይግዛ፤ የጣሪያው ሰብሳቢ ይቆየው።

መስታወት አልባው ነፋስን አይወድም። እንደ አዲስ አበባ ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩ ግን ቀዝቀዝ ባለበት ከፍታ የሚያገኘው ሙቀት ከቆላው ያንሳል፤ በክረምት ደመና ደግሞ ጭራሹን ይዳከማል። ዓመቱን ሙሉ መዋኘት ለሚፈልግ ደገኛ መስታወት ያለው፣ ውድም ቢሆን፣ ይሻለዋል።