በሥራ ቃለ መጠይቅ የሚነሱ ጥያቄዎችና የአመልካቾች ምላሽ

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በጋዜጣ ካወጣ በኋላ አመልካቾችን ይመዘግባል፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ያጣራል፣ እንደ ሥራው ባሕርይም የጽሑፍ ወይም የተግባር ፈተና ይሰጣል። ቃለ መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የሚይዘው ነጥብ ከጽሑፍ ፈተናው ቢያንስም በጽሑፉ የተቀራረቡ ዕጩዎችን የሚለየው እርሱ በመሆኑ ለቅሬታ የተጋለጠ ነው። የጽሑፍ ፈተና ወረቀት ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ በአፍ የተነገረ ግን ካልተመዘገበ ማስረጃ የለውም።

ቃለ መጠይቅ ሁሉ እኩል አያገለግልም። በሠራተኛ አመራረጥ ላይ የተካሄዱ ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ1998 አሰባስበው የተነተኑት ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር፣ ጥያቄዎቹና የውጤት አሰጣጡ አስቀድሞ የተወሰነ ቃለ መጠይቅ ከወደፊት የሥራ አፈጻጸም ጋር ያለው ተዛምዶ 0.51፣ እንደመጣ የሚካሄደው ደግሞ 0.38 መሆኑን አመልክተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን በድጋሚ ሲመረምሩት አኃዞቹ ወደ 0.42 እና 0.19 ዝቅ ብለዋል። ልዩነቱ ጠበበ ሳይሆን ሰፋ ማለት ነው። በዚሁ ጥናት አስቀድሞ የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ ከተነጻጸሩት የመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ በቀዳሚነት ተቀምጧል።

ዝግጅቱ የተለየ ወጪ አይጠይቅም። ጥያቄዎቹ ከመደቡ የሥራ ዝርዝር ይወጣሉ፤ ለሁሉም ዕጩዎች በአንድ ዓይነት ይቀርባሉ፤ ምን ዓይነት መልስ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ አስቀድሞ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ የኮሚቴ አባልም ከሌሎቹ ጋር ከመወያየቱ በፊት ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። የመጨረሻው ነጥብ ሲዘነጋ ይታያል። ሰብሳቢው አስተያየቱን አስቀድሞ ከተናገረ የበታች ሠራተኞች የሆኑ አባላት ከእርሱ የተለየ ውጤት ለመስጠት ይቸገራሉ።

ለምሳሌ ለንብረት ክፍል የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል እንበል። “ታማኝ ነዎት?” ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ አይደለሁም የሚል አይገኝምና። ይልቁንም “አንድ የሥራ ኃላፊ ለአስቸኳይ የመስክ ጉዞ ነው፣ ወረቀቱ ነገ ይሠራል ብለው ጎማ እንዲሰጧቸው ቢጠይቁ ምን ያደርጋሉ?” የሚለው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። በደፈናው “ሕግና ደንብ አከብራለሁ” የሚል ዕጩ አነስተኛ ነጥብ ያገኛል። ሞዴል 20 ተሞልቶ በሚመለከተው ኃላፊ መጽደቅ እንዳለበት፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ዕቃ ከግምጃ ቤት እንደማይወጣ፣ ጉዳዩ በእርግጥ አስቸኳይ ከሆነም ፈቃጁን በፍጥነት ፈልጎ እንደሚያስፈርም የሚያስረዳው የተሻለ ነጥብ ይገባዋል። ኃላፊውን ሳያስቀይም እንዴት እንደሚያነጋግረው ጨምሮ የሚገልጽ ዕጩ ደግሞ ሥራውን የሚያውቀው ነው። “ጎማው ወጥቶ ከሆነና በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ቢታይስ?” የሚል ተከታይ ጥያቄ ሲቀርብ ሸምድዶ የመጣውና የሠራው ይለያያሉ።

ልምድ ላላቸው አመልካቾች ያለፈ ሥራን የሚመለከት ጥያቄ ይመረጣል፦ “ከባለጉዳይ ጋር ያጋጠመዎትንና የፈቱትን አንድ አለመግባባት ይግለጹልን።” ሁኔታውን፣ የነበረበትን ኃላፊነት፣ የወሰደውን እርምጃና የተገኘውን ውጤት በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ አመልካች ለኮሚቴው ሥራ ያቀልላል። እዚህ ላይ ከባህላችን የመነጨ ችግር አለ። ራስን ማወደስ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ብዙ አመልካቾች “ሠራን፣ አስተካከልን፣ ፈጸምን” እያሉ በ“እኛ” ይናገራሉ፤ ጠያቂዎችም ዕጩው የራሱ አስተዋጽኦ የለውም ብለው ያልፋሉ። “በዚያ ሥራ የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?” የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይህን ስህተት ያርማል። አንገትን ደፍቶ መናገርም እንዲሁ ነው፤ ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት እንጂ በራስ ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም።

“ራስዎን ያስተዋውቁን” ሲባል ከትውልድ ቦታና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጀምሩ አሉ። የሚፈለገው ከመደቡ ጋር የሚገናኘው ትምህርትና ልምድ በሁለት ደቂቃ ነው። “የቀድሞ ሥራዎን ለምን ለቀቁ?” ለሚለው የቀድሞ አለቃን መውቀስ አይጠቅምም፤ ከመልቀቂያው ጋር የማይጣጣም ምክንያት መስጠት ግን የባሰ ነው። “ድክመትዎ ምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ ቢቀር ጉዳት የለውም። “ሥራ ሳበዛ ራሴን እረሳለሁ” የሚለውን መልስ ሁሉም ያውቀዋል።

ጨርሶ ሊቀሩ የሚገባቸውም አሉ። “አግብተሻል? መቼ ለመውለድ አስበሻል? አገርህ የት ነው?” የሚሉት ጥያቄዎች አንዳንዴ ለጨዋታ ማሟሟቂያ ተብለው ይሰነዘራሉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በኤች.አይ.ቪ. ኤድስ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ከዕጩው የሚጠየቀው የጤና ማስረጃም የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን እንደማይጨምር ደንግጓል። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተተክቷል። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ም በሥራና በቅጥር አድልዎን ይከለክላል። ጥያቄው የቀረበላት አመልካች መቆጣት ሳያስፈልጋት “የመደቡ ሥራ የመስክ ጉዞና የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚጠይቅ ከሆነ ዝግጁ ነኝ” ብላ ወደ ሥራው ልትመልሰው ትችላለች። ኮሚቴው ማወቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ በቀጥታ ቢጠየቅ፣ ወንዶቹም ቢጠየቁት ይሻላል።

አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ጠንከር ያለ ነው። በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት የሚጠበቅበት አሠሪው ነው። መሰላል በሌለው ሥራ “ደረጃ እንዴት ትወጣለህ?” ብሎ የጠየቀ ኮሚቴ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። “ሥራውን ለማከናወን ምን እንዲመቻችልዎ ይፈልጋሉ?” የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሥራው በአማርኛ የሚከናወን ሆኖ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ የሚካሄድበት አጋጣሚም አለ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛን በእንግሊዝኛ መፈተን የሚለካው እንግሊዝኛውን ነው።

የደመወዝ ጥያቄ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙም አይነሳም፤ መደቡ ደረጃ፣ ደረጃውም ስኬል አለው። በግል ድርጅት ግን መጠየቁ አይቀርምና አመልካቹ ዝቅተኛውን መጠን አስቀድሞ ወስኖ ቢገባ ይበጀዋል።

ቃለ መጠይቁ እንዳበቃ የእያንዳንዱ አባል የነጥብ መስጫ ቅጽ ተፈርሞ ከቃለ ጉባዔው ጋር ይያያዛል። ቅጹ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ዕጩው የሰጠው መልስ በአጭሩ ሊሰፍር ይገባል፤ “78” ብቻ የተጻፈበት ቅጽ ቅሬታ ለሚያጣራ አካል የሚነግረው ነገር የለም። የተጠባባቂዎች ዝርዝርም በዚያው ዕለት በውጤት ቅደም ተከተል ተመዝግቦ በአባላቱ ይፈረማል፤ ተመራጩ ሳይቀርብ ቢቀር የሚጠራው ሰው ማንነት በኋላ የሚወሰን ጉዳይ እንዳይሆን።